ሦስተኛው ወገን ማን ነው?

ሰሞኑን ነው። መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች በታክሲ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ድርቅ ብሎ ቆመ። ክላክሱ፣ ስድቡ፣ «ምንድን ነው እሱ?» የሚለው ጥያቄ... መቼም የከተማችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ታክሲው ንቅንቅ አልል ሲል ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ከፊት አንድ ሚኒባስና አንዲት ያረጀች ኮሮላ ተላትመዋል። ግጭት ብሎ ለመጥራት እንኳ ያሳፍራል፤ የሚኒባሱ ፓራውልት ትንሽ ተጣሟል፣ የኮሮላዋ ፍሬቻ ረግፏል፣ በቃ። ሹፌሮቹ ግን ወርደው ደረት ለደረት ተያይዘዋል። «ጥፋቱ ያንተ ነው!» «ያንተ ነው እንጂ!» ሰው ተሰበሰበ፤ እንደ ልማዳችን ከመንገደኛው ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ተገኘ። «ተስማሙ ልጆች፣ ትራፊክ መጥቶ ፕላን ካነሳ ለሁለታችሁም አይበጅም» አሉ። ትንሽ ከተጨቃጨቁ በኋላ ከኪስ ወደ ኪስ ጥቂት ብር ተሻገረና እርቅ ወረደ። መንገዱ ተከፈተ፣ ሰው ተበተነ።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ቀረ። ኮሮላዋ ለመሸሽ ስትል የቀኝ ጎማዋን የእግረኛ መንገድ ላይ አውጥታ ነበር። እዚያ ደግሞ አንዲት እናት በማዳበሪያ ጨርቅ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ደርድረው ተቀምጠው ኖሯል። ቲማቲሙ ወጥ ሆኗል። ሹፌሩ ሊገባ ሲል «የኔስ ልጄ?» አሉት፤ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። መልስ የሰጣቸው ሹፌሩ ሳይሆን ከአስታራቂዎቹ አንዱ ነው። «እናቴ፣ እርስዎን አልነካዎት፤ እግዜር ይመስገን ይበሉ!»

በኢንሹራንስ ቋንቋ እኚያ ሴት «ሦስተኛ ወገን» ይባላሉ። ብዙዎቻችን አንደኛና ሁለተኛ ወገን የሚባሉት ሁለቱ ተጋጪ ሹፌሮች ይመስሉናል። አይደሉም። አንደኛው ወገን መድን የገባው ባለመኪና ነው፣ ሁለተኛው መድን የሰጠው ኩባንያ ነው። ሁለቱ ተዋውለዋል፣ ፈርመዋል፣ ገንዘብ ተቀባብለዋል። ሦስተኛው ወገን ግን ውሉ ሲፈረም ያልነበረ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ምናልባት መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። መንገድ ዳር የቆመ፣ የሚሻገር፣ ቲማቲም የሚሸጥ። በአገራችን ይህ ሰው እንደ ሰው እስኪቆጠር ድረስ ስንት ዓመት ፈጀ ብዬ ጠየቅሁ፤ ስቆጥረው ድፍን መቶ ዓመት ሆኖ አገኘሁት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ። መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በረሃውንና ገደሉን በብዙ ውጣ ውረድ አቋርጦ፣ ከነቡልዶግ ውሻው እምዬ ምኒልክ ፊት ደረሰ። ወዲያው ደግሞ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ የአገሩን መኪና እየነዳ መጣ። ከዚያ አስቀድሞ ከተሜው ያየው ሞተር ያለው ነገር ቢኖር አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበር፤ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ምኒልክ አዲስ ነገር አይፈሩም ነበርና መኪናዋን ወደዷት። ያኔ «ይህች ነገር ሰው ብትገድልስ ማን ይከፍላል?» ብሎ የጠየቀ መኖሩን ታሪክ አይነግረንም። ማንስ ይጠይቅ? በአገሩ ያለው መኪና በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

ይህ ማለት ግን አገሩ ስለ ካሳ የሚያውቀው ነገር አልነበረም ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ ባለጸጋ ነበርን። ሳያስብ ሰው የገደለ ምን ይሁን የሚለውን አያቶቻችን ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። ከዛፍ ወድቆ ከሥር የተቀመጠውን ሰው ስለገደለው ሰውዬ የሚተረከውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የሟች ወገኖች «ካሳ አንቀበልም፣ ደም በደም!» ብለው ዳኛ ፊት ቆሙ። ዳኛው (አንዳንዱ ራሳቸው ምኒልክ ነበሩ ይላል) «መልካም ነው፤ እንግዲያው ከእናንተ አንዱ እዚያው ዛፍ ላይ ይውጣና ይውደቅበት» ብለው ፈረዱ። ወገኖቹ ተያዩ፣ ካሳውን ተቀበሉ። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ አለ፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ከብት ተቆጥሮ ወይም ገንዘብ ተሰፍሮ ደም የሚደርቅበት ሥርዓት። በሌላውም አካባቢ በየስሙ አለ። መኪና ሲመጣ ጉማ መኪናንም ተቀበለ። ዛሬም ቢሆን ከከተማ ወጣ ብሎ ሰው የገጨ ሹፌር ከፍርድ ቤቱ በፊት ሽማግሌ ነው የሚልከው።

ጉማ አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፣ ዘመድ ያዋጣል። ያ ማለት ሟች ድሀ ገዳይ ስለገጠመው ብቻ ባዶ እጁን አይቀርም። «መድን» የሚለው ቃል ራሱ እኮ ድሮ ኩባንያ አልነበረም፤ ለሌላው የሚጠየቅ፣ ከዋስ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራ ሰው ነበር። እድርም ከዚሁ ዘር ነው። ነገር ግን ጉማ የሚሠራው ገዳዩ ማን መሆኑ ሲታወቅ፣ ዘመዱ ሲታወቅ፣ አገሩ ሲታወቅ ነው። መኪና ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ገጭቶ መጥፋት ነው። በበቅሎ ሰው ረግጦ የትም አይደረስም፤ በመኪና ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አገር ነህ።

በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን መንገዱን በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዘረጋው። የራሱን ጦር ለማንቀሳቀስ እንጂ ለእኛ አስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሲወጣ ግን መንገዱን ጠቅልሎ አልሄደም። ቃላቱንም እንዲሁ። የመኪናችንን አካል አንድ በአንድ ጥሩ እስቲ፤ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶባጋልዮ። ማጠቢያው እንኳ ላቫጆ ነው። ወደ ኢንሹራንስ ስንመጣ ግን ቃሉም ሌላ፣ ደንበኛውም ሌላ ነው። መጀመሪያ የመጣው ኢንሹራንስ ለሰው አልነበረም፤ ለዕቃ ነበር። በምኒልክ ዘመን መጨረሻ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር፤ የነጋዴው ቡና እንዳይሰምጥ፣ መጋዘኑ እንዳይቃጠል። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በዙ፤ ደርግ ሲመጣ አሥራ ሦስት ደርሰው ነበር። ባለመኪናው ወደ እነዚህ ኩባንያዎች የሚሄደው ግን በአብዛኛው ለራሱ ንብረት ሲል ነው። ተገልብጦ የሚሞተው መኪናው እንጂ ከመኪናው ሥር ያለው ሰው አይታሰበውም።

ለሦስተኛው ወገን የመጀመሪያው ትልቅ ቀን በ1952 ዓ.ም. መጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ነበሩ። እኚህ ሰው ስለ መኪና የጻፉት ነገር ዛሬም ሳነበው ያስገርመኛል። ቁጥር 2081 እንዲህ ይላል በእኔ አነጋገር፤ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ አጥፍቷል አላጠፋም ተብሎ አይጣራም፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም ኃላፊ ነው። ተጎጂው ራሱ ካላጠፋ በቀር ማምለጫው ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ሲጋጭ ደግሞ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል። (ያን ዕለት መንገድ ዘግተው የተሰዳደቡት ሁለቱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጉሮሯቸው በተረፈ ነበር።) ሰው ከሞተም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ።

«ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን ላቫጆ አስገብቶ ቁልፉን ለአጣቢው ልጅ ሰጥቶ ማኪያቶ ሊጠጣ ገባ። ልጁ አጥቦ ሲጨርስ «እስቲ ዞር ልበልባት» አለና የሰው አጥር ውስጥ ገባ። ባልደረባዬ «እኔ ምን አገባኝ፣ እሱ ነው የነዳው!» ብሎ ሲፎክር ከረመ። በኋላ ጠበቃ ሲያማክር አንገቱን ደፋ። ከፍሎ ያሠራው አጥሩን ብቻ በመሆኑ ዕድለኛ ነው። ሰው ቢሆንስ ኖሮ? ቁልፍ ላይ እንደተሰካ ትቶ ሱቅ የሚገባ፣ ያልደረሰ ልጁን «ትንሽ ይለማመድ» የሚል፣ ለጋራዥ ሠራተኛ «ሞክራት» ብሎ የሚሰጥ ሁሉ በ2081 ጥላ ሥር ነው የሚኖረው።

ሕጉ አንድ በር ትቷል። መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ባለቤቱ ካስረዳ ከኃላፊነት ነፃ ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ነውም። ግን ከሌላኛው በኩል እዩት። ሌባው በሰረቀው መኪና ሰው ገጭቶ መኪናውን ጥሎ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ «ተሰርቄያለሁ» ብሎ ማስረጃውን ቢያቀርብ፣ የተገጨው ሰው ወደ ማን ይሂድ? ሌባው የለም። ባለቤቱ ነፃ ነው። እንግዲህ ሦስተኛው ወገን ያ በር ሲከፈት ውጭ ቀረ።

ስርቆትን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ባለመኪናዎች ስፖኪዮ ለመጠበቅ የማናደርገው የለም። ታርጋ ቁጥር መስታወቱ ላይ እናስቀርጻለን፣ መብራቱን በብረት እናሳስራለን፣ መሪውን በብረት ዘንግ እንቆልፋለን፣ ማታ ለሚጠብቅ ልጅ እንከፍላለን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የተነቀለብኝን ስፖኪዮ ፍለጋ ወደ አንዱ መለዋወጫ ሰፈር ሄጄ በመጨረሻ የገዛሁት የራሴን ነው፤ ታርጋዬ ተፍቆ ግማሽ ቁጥሩ ቀርቶበታል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» አለኝ። እንዴት ልከራከረው? ኦሪጅናልማ ነው። ለዚያች መስታወት ሳላቅማማ የከፈልኩትን ያህል ለሦስተኛ ወገን መድን ስከፍል ለምን እንደሚቆጠቁጠኝ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የ1952ቱ ሕግ ለሦስተኛው ወገን መብት ሰጠው፤ ኪስ ግን አልሰጠውም። ባለመኪናው ኃላፊ ነው፤ እሺ። ባለመኪናው ከዚያች አንድ አሮጌ መኪና በስተቀር ምንም የሌለው ቢሆንስ? ፍርድ ቤት ፈርዶልህ የፍርድ ወረቀት ይዘህ ትቀመጣለህ። መድን እንዲገባ ደግሞ ባለመኪናውን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ይህ የዓለም ሁሉ ችግር ነበር። እንግሊዝ አገር በመኪና ተገጭታ የሞተችው የመጀመሪያዋ እግረኛ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው የሞተችው፤ አስከሬኑን የመረመሩት ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳይደርስ ተመኝተው ነበር ይባላል። እንግሊዞች ምኞት እንደማይሠራ ሲያዩ እ.ኤ.አ. በ1930 የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ አደረጉ። መድን የሌለው ሰው የገጨውስ ተብሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 ኩባንያዎቹ በጋራ የሚከፍሉበት ተቋም መጣ። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ ይህን ሕግ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቅኝ ግዛት ዘመን ነው።

እኛ ማድረግ ያቅተን ነበር እንዳትሉ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እስከዚያች ቀን መኪናው ሁሉ በግራ ነበር የሚሄደው። በዚያች ቀን አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ሹፌሩ፣ ጋሪው፣ እግረኛው፣ በቅሎው ሳይቀር። ያንን የሚያህል ነገር በአንድ ቀን ያስፈጸመ መንግሥት ባለመኪናውን «መድን ሳትገባ አትነዳም» ማለት ያቅተው ነበር? ትኩረት የሰጠው አልነበረም እንጂ አቅምስ ነበረ። መኪና ያለው ሰው ሕግ አውጪውን ያውቀዋል፤ የሚገጨው ሰው ግን አያውቀውም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹን ወረሰ፤ በዓመቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ቀረ። (ንጉሡን ራሳቸውን ከቤተ መንግሥት በቮልስ ወስደዋቸዋል፤ ያች ቮልስ የማን መድን እንደነበራት የጠየቀ የለም።) በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። መንገዱም፣ ጭነቱም፣ መኪናውም በዛ። አይሱዙ መጣ። ሕዝቡ ስም ለማውጣት የሚቀድመው የለምና ቀን ከሌት በሚበረው በዚያ የጭነት መኪና ላይ «አልቃይዳ» የሚል ስም ለጠፈበት። በኋላ ሲኖትራክ ሲመጣ «ቀይ ሽብር» አለው። ቀልድ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እኚህን ስሞች ያወጣው መሪ የጨበጠው ሰው አይመስለኝም፤ አስፋልት ዳር የሚሄደው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሰፈር ልንገራችሁ። በ1988 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጎረቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ማታ ማታ ካፖርታቸውን ደርበው ዱላቸውን ይዘው ሥራ ይገባሉ፤ ስንገናኝ «ደህና እደር» የሚሉኝ ወደ ሥራ ሲሄዱ ነበር፣ ይህ ሁልጊዜ ያስቀኛል። አንድ ማታ አስፋልቱን ሲሻገሩ መኪና ገጫቸው። መኪናው አልቆመም። ያዩት ሰዎች «ነጭ ነገር ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም። ታርጋ የያዘ የለም፣ መብራትም አልነበረ።

እኔና ሁለት የሰፈር ልጆች በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። የትኛው መሆኑን አልናገርም፣ ያኔ ሁሉም አንድ ነበርና። «መያዣ ገንዘብ አምጡ» ተባልን። ሌሊት ነው፣ ኪሳችን ባዶ ነው። አንዱ ከእሳቸው ጋር ቀርቶ እኔ ወደ ሰፈር ተመልሼ በር እየቆረቆርኩ አሥርም አምስትም ብር ስሰበስብ ሊነጋ ሆነ። ብሩን ይዤ ስደርስ ካፖርታቸው ፊታቸው ላይ ተሸፍኗል። ቶሎ ቢታከሙ ይተርፉ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው እጄ ውስጥ የነበረውን የተጨማደደ ብር ነው።

ፖሊስ «ገጪው ያልታወቀ» ብሎ መዘገበ። ያልታወቀን ሰው 2081 አያገኘውም። ሽማግሌ ወደ ማን ይላካል? ጉማ ከማን ይጠየቃል? እድራችን ድንኳን ተከለ፣ የሚሰጠውን ሰጠ። ባለቤታቸው አርባው ሳይወጣ ጉሊት ወጡ። ትልቋ ልጃቸው ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሰዓት በኋላ እናቷ አጠገብ ሽንኩርት ስትሸጥ አያት ነበር።

ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ አዋጅ ቁጥር 559/2000 ወጣ፤ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ። አሁን ቁጥሩን ገጣጥሙልኝ። ቤንትሌይ መኪናዋን ይዞ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ የወጣው በ2000 ዓ.ም.። መላው አገር አዲሱን ሚሊኒየም በርችትና በዘፈን ሲቀበል ሦስተኛው ወገንም ዝም ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ገባ። በዚያ ሰሞን ጋዜጣ ላይ ስለ ሚሊኒየሙ ኮንሰርት የተጻፈው ስለዚህ አዋጅ ከተጻፈው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ እኔም ከጻፉት አንዱ ነበርኩና ማንንም አልወቅስም።

አዋጁ ምን አመጣ? ማንኛውም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መኪና መንገድ ላይ እንዳያወጣ ከለከለ። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት ከዚህ የመጣ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የመድን ፈንዱ ነው። ገጭቶ ያመለጠ፣ መድን የሌለው መኪና የገጨው ሰው ከፈንዱ ካሳ ያገኛል። ያ «ነጭ ነገር» እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ ተጠያቂ ተገኘለት ማለት ነው። በ1952 የተተወውን ቀዳዳ የደፈነ፣ ጉማንም የሚመስል ነገር ነው፤ ያልታወቀው ገዳይ የማይከፍለውን ባለመኪናው ሁሉ አዋጥቶ ይከፍለዋል። ፈንዱ ዛሬ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጁ በ799/2005 ተተካ። በዚህኛው ላይ የሞት ካሳው ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ሆኖ ተጻፈ፤ የንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር። አያችሁልኝ? በዚያ አዋጅ መኪና የሰውን መኪና ቢገጭ እስከ መቶ ሺህ፣ ሰውን ቢገድል እስከ አርባ ሺህ ነበር። የኢንሹራንስ ባለሙያዎች ለዚህ የሒሳብ ምክንያት አያጡለትም፤ እኔ ግን ሳነበው የአቢሲኒያ ባንክ የቡና መድን ትዝ ይለኛል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ በ1952ቱ ሕግ ባለመኪናውን መክሰስ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተጽፏል። በ1952 ሺህ ብር ሺህ ብር ነበር። ዛሬ ለልጇ ሞት ሺህ ብር የሕሊና ካሳ የተፈረደላት እናት ብሩን ምን ታድርገው? የለቅሶውን ድንኳን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

በአዋጁ ውስጥ ሳነበው ዓይኔን ያቆመው ግን የካሳው ቁጥር አይደለም። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በማንኛውም የመንግሥትም ሆነ የግል ጤና ተቋም የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው ይላል። ወጪውን መድን ሰጪው ወይም ፈንዱ ይሸፍናል፤ በ2005ቱ አዋጅ እስከ 2,000 ብር ነበር። ሁለት ሺህ ብር ትንሽ ነበረች፤ ቁምነገሩ ግን «መጀመሪያ መያዣ አምጡ» የሚለውን ቃል ማስቀረቱ ነው። ችግሩ ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ጠይቁ፤ መኪና ያላቸውንም የሌላቸውንም። የተገጨ ሰው ይዞ የሚሮጠው ይህን ካላወቀ በየቤቱ በር እየቆረቆረ ብር ይሰበስባል።

ለነገሩ የሚገጨው ስንት ነው? እ.ኤ.አ. ለ2016 ፖሊስ የመዘገበው የሟች ቁጥር ከ4,000 ጥቂት ያለፈ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የዚያኑ ዓመት ሲገምት ግን ወደ 27,000 አድርሶታል። ልዩነቱ ፖሊስ ስለዋሸ አይደለም። ሐኪም ቤት ከቆየ በኋላ የሚሞተው፣ ገጠር ውስጥ ማንም ሳይመዘግበው የሚቀበረው ሰው ፖሊስ መዝገብ ላይ አይደርስም። ይህን ለካሳው አምጡት። ያልተመዘገበ ሟች ቤተሰብ ከፈንዱም ሆነ ከኩባንያው ምን ይዞ ይቀርባል? ሕጉ ወጥቷል፣ ገንዘቡ አለ፣ ወረቀቱ ግን የለም። ሹፌሩ ሲያዝ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አለለት፤ እንደ ጥፋቱ ክብደት ከስድስት ወር አንስቶ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያስፈርድበታል። ይፈረድበት። የሟች ልጅ ግን ከዚያ እስር እንጀራ አይቆርስም። ሰፈሩ «ታሰረ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ካሳውን አመለከቱ ወይ?» ሲል አልሰማሁም።

ባለፈው እሁድ ያችን የጎረቤታችንን ልጅ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እናቷም አብረዋት ይኖራሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ቡና እያፈላች የቲማቲሟን ሴትዮ ነገር አወራሁላት፤ ሳቀች። «እማዬም ላይ ስንቴ ወጥተውባታል!» አለች። እኔም እግረ መንገዴን ስለ አዋጁ ነገርኳት፤ ስለ ፈንዱ፣ ገጭቶ ስላመለጠ መኪና፣ ስለ መያዣ ገንዘቡ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጀበናውን ከፍም ላይ አወረደች፣ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት» አልኳት።

እናቷ ከጥጉ ሆነው «ምን አለ?» አሉ። ልጅቷ አልመለሰችላቸውም። «ወደ ኋላ አይሠራም?» አለችኝ።

«አይሠራም» አልኳት።

አቦሉን ቀዳችና መጀመሪያ ለእናቷ ሰጠቻቸው።